የእጅ ጾም

የተለበጠ እጅ፣ የያዘው ማን እንደሆነ ያውቅ ይሆን?

ልጄን ኬብሮንን ጠይቄአት ነበር። እሷ እስከ ክርኗ የተለበጠችው ልጇ ዘነበች ገና ጡት ሳትጥል ስለሆነ፣ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም ብዬ ነው። «ክብደት ይታወቀኛል፣ እማ» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ክብደትማ ለሚዛንም ይታወቀዋል። ለባጩን ጉታንም ጠየቅሁት። እሱ ደግሞ ሁለት ሥጋ እጆቹን ዘርግቶ አሳየኝና፣ «እማማ ኤፍራታ፣ በግ አራጅ በጉን አመመህ ወይ ብሎ ይጠይቃል?» ብሎ ሳቀ። ለባጮች ራሳቸው አይለበጡም። ብረት እጅ ገንዳ ውስጥ ከገባ የተለባጩን ልባጥ ይሻማል ይላሉ።

እኔ መልሱን አላውቅም። ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ጋዜጣ በነበረበት ጊዜ ጋዜጣም አነብ ነበር። ይህን የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ቀን ረስቼው እውልና ማታ ጎኔን ሳሳርፍ ይመጣብኛል።

የምንኖረው ባትሪ ሜዳ ነው። ከሞጆ ወዲያ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ሽምብራና ምስር ይበቅልበት በነበረው ጥቁር አፈር ላይ። ያኔ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና አዲስ ነገር ነበር። አባቴ አንዱን ነድቶ ግቢ ሲገባ ጎረቤቱ በሙሉ ወጥቶ፣ ድምፅ እንኳ የለውም እያለ ሲያደንቅ ትዝ ይለኛል። ባትሪው ሲሞት የት ይጣላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሚጣለው እዚህ ነው። የእኛም የሰው አገርም፣ በመርከብ እየተጫነ መጥቶ ተቆልሎ ተቆልሎ ጋራውን በልጧል። ሰፈሩ የሚያድረው እሱን በመፍታት ነው። የባትሪው ውሃ መጀመሪያ ጓንት በላ፣ ቀጥሎ ጣት በላ። ከዚያ ልባጥ መጣ፤ እጅን ከነጥፍሩ በኒኬል መለበጥ። አሁን በዚህ የሚገረም ሰው የለም። ድስት ይለበጣል፣ በር ይለበጣል፣ እጅም ይለበጣል። የተለበጠ ነገር አይዝግም፣ አያልቅም ይላሉ።

ጠዋት ሰፈሩ የሚነቃው በእጅ ድምፅ ነው። ባልዲው፣ ብርጭቆው፣ የበሩ መወርወሪያ፣ የተነካው ሁሉ ቃ ቃ ይላል። ቦኖው የሚከፈተው ብረት እጅ ሲነካው ነው፤ የእኔ እጅ ቀኑን ሙሉ ቢደባብሰው ጠብታ አይወጣውም። ያልተለበጥነውን ጥሬ ይሉናል፤ ውሃቸውን ተለባጩ ከሚቀዳላቸው ከለባጮች በቀር፣ አሮጊቶችና ሕፃናት ነን። አንድ ጊዜ ማንኪያ ይዤ ልከፍተው ስሞክር ያዩኝ ሴቶች እስከ ዛሬ ይተርቡኛል።

ሰላምታ በትከሻ ነው፤ መጨባበጥ ቀርቷል። ጉርሻም የአንዲት ሙሽራ ጥርስ ከተሰበረ ወዲህ ቀርቷል። ለቅሶ ቤት ደረት መምታት ተከልክሏል፤ አንዲት እህት ለወንድሟ አዝና የራሷን ጎድን ሰብራ፣ ሐዘኑ ሁለት ሆኖ ነበር። አሁን እጅን ከእጅ ማጋጨት ነው። ሰው ሲሞት ሰፈሩ እንደ ቀጥቃጭ ቤት ይጮሃል። በቀትር ኬብሮን ከሥራ ስትመጣ እጆቿ በፀሐይ ስለሚግሉ ማንም አይጠጋትም። ደጅ ቆማ በእርጥብ ጨርቅ እስኪበርዱ ትጠብቃለች። ዘነበች ሕፃን ሳለች እናቷን ስታይ እየሮጠች ትወጣና ደፉ ላይ ስትደርስ ቀጥ ትል ነበር። መራመድ ሳስተምራት ይህንንም አብሬ አስተምሬአት ነው።

ዘነበች ያልናት በተወለደች ዕለት ስለ ዘነበ ነው። ከዚያ በፊት የዘነበው መቼ እንደነበር ሰው ረስቶት ነበር። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ማጠብና ማበጠር፣ ማዘልና ማባበል በሥጋ እጅ ነውና። እጀ መልካም ሆና አደገች። ሹሩባ ስትሠራ ጣቶቿ ሲሄዱ አይታዩም። የሰፈሩ እናቶች የልጆቻቸውን ፀጉር መንካት አይችሉም፤ የብረቱ መገጣጠሚያ ፀጉር ይነክሳል። የእኛን የአሮጊቶቹን ጣቶች ደግሞ ሪህ አጉብጧቸዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሴት ልጆች በሙሉ እኛ ደጅ ይሰለፋሉ። ዘነበች አንድ በአንድ ጭኗ መካከል እያስቀመጠች፣ እየተረበች፣ እየቆነጠጠች ትሠራቸዋለች። የጎረቤታችን ልጅ ሲፈን ተሠርታ ከጨረሰች በኋላ ፈትታው ተመልሳ ትሰለፋለች።

«ያንቺ ፀጉር ጀርባሽን ሳዞር ነው የሚፈታው?» ትላታለች ዘነበች።

ሲፈን ተመቻችታ ትቀመጣለች። ራሷን የሚዳስሳት ሌላ ሰው አልነበራትም።

ዘነበች አሥራ ስምንት ሲሞላት የመለበጥ ተራዋ ደረሰ። አሥራ ስምንት የሞላው ጥሬ ከእናቱ ድርሻ ውሃ አይጠጣም፤ ሕጉ እንዲህ ነው። እኔ እንድትቀር ነበር የፈለግሁት። የት እንደምትቀር ግን አላውቅም። ደጋ ወዳለችው የእህቴ ልጅ ልላካት አልኩ፤ ኬብሮን እዚያም ቦኖው ያው ነው አለችኝ። እንግዲያው ትዳር ትያዝ አልኩ፤ ዘነበች ከት ብላ ሳቀች።

«ማንን ላግባ፣ እምዬ? ጥሬ ለጥሬ ተጋብተን ውሃ ጥም እንውለድ?»

እሷም ልባጡን ትፈልገው ነበር። ጓደኞቿ ሁሉ ተለብጠዋል፤ ቦኖ ስትወርድ እንደ ሕፃን ሰው ለምና መቅዳት አሳፍሯታል። እኔን ስታይ ግን እጆቿን ከጀርባዋ ትደብቃቸው ነበር፤ የማያቸው እየመሰላት። በእርግጥም አያቸው ነበር።

ከልባጥ በፊት የእጅ ጾም አለ። ትእዛዙ የመጣው ከለባጭ ቤት ነው፤ ቅባት የነካው ቆዳ ብረት አይቀበልም። ቅቤ አይሆንም፣ ዘይት አይሆንም፣ የሰው እጅ ላብ እንኳ አይሆንም። ነገሩን ጾም ያደረግነው ግን እኛው ነን። ቅባት ከእጅ ወደ እጅ፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ ይሻገራልና ተለባጩ ብቻ ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ይጾማል። ድስቱ በአመድ ይታጠባል። ጎረቤት ቆሎና ደረቅ ቂጣ ያመጣል። በዚያ ሰሞን ተለባጩን ማንም አይነካውም፤ እጆቹን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞ ይቀመጣል። ዘነበች እንደዚያ ተቀምጣ አፏን ስትከፍት፣ ሲፈንና ጓደኞቿ ቆሎ እየወረወሩ አፏ ውስጥ ለማስገባት ይወራረዱ ነበር። አብዛኛው ዓይኗን ነበር የሚያገኘው። ያን ያህል የሳቀችበትን ጊዜ አላስታውስም።

እኛ ቤት ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ከቤት ወጥቶ የሚሄድ ልጅ፣ ለፈተናም ይሁን ለሐኪም ወይም ለመንገድ፣ መዳፉ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ቅባት ጠብ ይደረግለታል። እናቴ ለእኔ አድርጋለች፣ እኔ ለኬብሮን አድርጌአለሁ። ኬብሮን ልትለበጥ ስትሄድ ግን ጾሙን አክብሬ ሳልቀባት ላክኋት። ከዚያ ወዲህ፣ ልጄ እንዲህ የሆነችው ሳልቀባት ስለሄደች ይሆን ስል ኖሬአለሁ። ምን ሆነች ብባል የምለው የለኝም። በሕይወት አለች፣ ትሠራለች፣ ትበላለች። ከተለበጠች ወዲህ የገዛ ልጇን አቅፋ አታውቅም፤ ይኸው ነው።

ዘነበች በምትሄድበት ዕለት ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ኬብሮን ቦኖ ወርዳለች። ልጅቷ የተጠቀለሉ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ በጀርባዋ ተኝታለች። የቀኝ እጇን ጨርቅ ቀስ ብዬ ፈታሁ። የቅባቱን ጠርሙስ ሣጥኔ ሥር፣ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልዬ ነበር ያኖርኩት። መዳፏ መካከል አንዲት ጠብታ አሳረፍኩና በጣቴ ጫፍ መስቀል ሠራሁባት። ለባጭ ቤት ገንዳ ከማስገባታቸው በፊት በብሩሽና በመራራ ውሃ ያጥቧቸዋል፤ ዘይቱ ይሄዳል፣ በረከቱ ይቀራል። ያሰብኩት ይህንን ነው። ጨርቁን እንደነበረ ጠቀለልኩት። አልነቃችም።

ከገንዳው ስትመለስ እጆቿ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበሩ ነበር። ኮረንቲው አድክሟት ስለነበር ጉታ ራሱ በትከሻው ደግፎ አመጣት። ሰፈሩ እልል አለ። ቅዳሜ ሲሆን ሲፈን እንደ ልማዷ መጥታ በዘነበች ጭን መካከል ተቀመጠች። ዘነበች ፀጉሯን ስትከፍል አንዱ ዘለላ ጣቷ መገጣጠሚያ ላይ ተነክሶ ከነሥሩ ወጣ። ልጅቷ አላለቀሰችም። «ይቀዘቅዛል» ብቻ አለች። ዘነበች ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ሴት ልጆች በሙሉ ተላጩ። አሁን መንገድ ላይ ሲጫወቱ ወንዱን ከሴቱ የምለየው በድምፅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘነበች አንድ አመል አወጣች። ከሥራ ገብታ እጆቿ ከበረዱላት በኋላ ቀኝ መዳፏን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ጥቂት ትቆይና ወደ ፍየሏ ሄዳ ሆዷ ላይ ታሳርፈዋለች። የሻይ ብርጭቆ በጣቶቿ አትይዝም፤ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ኬብሮን ምን ሆነሽ ነው ስትላት፣ ሚዛን እየለመድኩ ነው ትላለች። አንድ ቀን ደጃፍ ተቀምጬ ሳንጎላጅ ከኋላዬ መጥታ መዳፏን አንገቴ ላይ አሳረፈች። ዙሪያው ብረት ነበር፣ ቀዝቃዛ። መካከሉ ግን ይሞቅ ነበር፤ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ቦታ። አልዞርኩም። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ፤ ደስ ሲለኝ የምፈራ ሴት ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ያቺን ቦታ ይዘጉባታል ብዬ ነው።

ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። በመስከረም ዘነበችን ትኩሳት ያዛት። መጀመሪያ ወባ መሰለን፣ የወባ መድኃኒት ሰጠናት። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ፍየሏ የሞተች መስሎኝ ወጥቼ አየሁ፤ ፍየሏ ቆማ ታመሰኳለች። ሽታው ከቤት ውስጥ ነበር።

ኬብሮን ጉታን ጠርታ አመጣችው። ዘነበችን መስኮቱ ሥር አስቀምጦ መዳፏን ወደ ብርሃን ገለበጠው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። መካከሉ ጠቁሯል፤ ዙሪያው ያለው ብረት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። የባትሪው ውሃ በዚያች ክፍተት እየገባ፣ ከብረቱ ሥር ሥጋዋን ይበላ ኖሯል። በአይበሉባው በኩል ሲያዩት ግን እጁ እንዳማረበት ነው፣ ያበራል።

«ቅባት ነው» አለ ጉታ። «ቅባት ያረፈበት ቦታ ነው እንዲህ የሚሆነው። በጾሙ ማን ነካት?»

ኬብሮን ወደ እኔ ዞረች። ካልሲውንም ጠርሙሱንም ታውቃቸዋለች። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ያላጠብኩት እኔ ነኝ» አለች ዘነበች።

ጉታ አልገባውም። እሷም የምትናገረው ለእሱ አልነበረም።

«ነቅቼ ነበር፣ እምዬ። ጨርቁን መፍታት ስትጀምሪ ነቅቼ ነበር።»

ለባጭ ቤት የሆነውን ነገረችን። ብሩሹን ሲያመጡላት መዳፏን ጨብጣ ያዘች። ጣቶቿን አጠቡ፣ አይበሉባዋን አጠቡ። ክፈቺው ሲሏት ለአፍታ ከፈት አድርጋ፣ ውሃው ሳይደርስበት መልሳ ጨበጠችው። የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበርና ማንም አላስተዋለም። ሌላው ሁሉ ይዘጋ፣ ይቺ ብቻ ትቅርልኝ ብላ ነው። ይህን ስትናገር ድምፅዋ የትኩሳተኛ አልነበረም፤ እንደ ወትሮዋ ነበር።

«የመጨረሻ የነካኝ ነገር የአንቺ ጣት ነበር። እንዴት ልጠበው?»

ኬብሮን እጇን አፏ ላይ ልትጭን አነሣችና፣ ጥርሷን እንዳይመታት መልሳ አወረደችው።

ጉታ ወለሉን እያየ ያለውን መንገድ ነገረን። ብረቱን በሙሉ ያነሣሉ፣ የጠቆረውን ይተኩሳሉ፣ ከዚያ እንደ እናቷ እስከ ክርኗ ይለብጧታል። በዚህ ጊዜ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት አትቀርም። ከቀረች ግን ሌላ ዕድል የለም፤ በሽታው ክንዷን ያልፋል፣ ከክንዷ ወዲያ ያለችው ራሷ ናት። እጁ ቢቆረጥስ አልኩት። ቦኖውን በምን ልትከፍት ነው አለኝ። በክፋት አልነበረም ያለው።

«ከዚያ በኋላስ ምን ይታወቀኛል?» አለች ዘነበች።

ጉታ መለስ ብሎ አላያትም። «ክብደት» አለ።

እንደገና የእጅ ጾም ገባን። ኬብሮን ካልሲውን ከሣጥኔ ሥር አወጣችና ቅባቱን አመድ ላይ ደፋችው። አልተቆጣችኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እግሬ ሥር ተንበርክካ፣ የበረዱትን ብረት እጆቿን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ነው የለመነችኝ። ጉልበቴ ላይ የተጫነው ያ ሁሉ ክብደት ልጄ ነበረች።

«እማ፣ አትንኪያት። ቅባትም ባይኖር አትንኪያት። ባዶ ጣትሽም ቢሆን ላብ አለው። እንዳትሞትብኝ።»

እሺ አልኳት። ግን እኔ ራሴን አላምነውም። እጄ ሳላዝዘው ይሄዳል፤ አፍንጫ የሚጠርግ፣ ግንባር የሚለካ፣ የጋቢ ጫፍ የሚያስተካክል እጅ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ሌላ ነገር አልተማረም። ስለዚህ ኬብሮንን የእኔንም እጆች በነጭ ጨርቅ ጠቅልይልኝ አልኳት። ጠቀለለችልኝ። ተለባጭ ያልሆነ ሰው በጾም እንዲህ ሲያደርግ አይታወቅም። እኔና ዘነበች ፊት ለፊት፣ አራት የተጠቀለሉ እጆች ይዘን ተቀመጥን። ኬብሮን ቂጣውን በማንኪያ እየሰበረች ሁለታችንንም ታበላን ነበር። ቆሎ የሚወረውር አልመጣም። ሲፈን ብቻ አንድ ቀን በተላጨ ራሷ ብቅ ብላ፣ አንድ ጣሳ ቆሎ ደፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ትኩሳቱ ሲለቃት ዘነበች መስኮቱን ታያለች። ሲይዛት ደግሞ በተጠቀለለው እጇ ጉልበቷን መታ መታ ታደርጋለች፤ ፀጉር የምትሠራበትን ምት አውቀዋለሁ።

የምትሄድበት ዕለት ነጋ። ኬብሮን ውጭ ከጉታ መኪና ጋር ትጠብቃለች። ዘነበች ተነሥታ ቆመች። በሩ እዚያ ነው፤ ወደ በሩ ግን አልሄደችም። እኔ ዘንድ መጣች። ፊቴ ቆመችና ቀኝ እጇን ከነጨርቁ ዘረጋችው። መዳፉን ወደ ላይ አድርጋ።

የሚቀባ ነገር እንደሌለ ታውቃለች። ቅባቱ ሲደፋ አይታለች።

ጨርቄን በጥርሴ መፍታት እችል ነበር። ጣቴን በእሷ ጨርቅ ላይ ማሳረፍ ብቻ በቂዋ ነበር፤ ይህንንም ዓይኗ ነገረኝ። እኔ ደግሞ የማስበው ላቤን ነበር። ላቡ በጨርቁ አልፎ፣ ከጨርቁ ወደ መዳፏ፣ ከመዳፏ ወደ ክንዷ፣ ከክንዷ ወዲያ። ቢያንስ በአፌ ልመርቃት ስል ደግሞ ብተነፍስ የማለቅስ መሰለኝ፣ ባለቅስ እንባዬ የሚወርድባት መሰለኝ። በጨርቁ ውስጥ እጆቼን ጨበጥኩ። እሷ መዳፏን ለመደበቅ እንደጨበጠችው፣ እኔ እጄ እንዳይሄድብኝ ጨበጥኩ።

ቆመች። ጠበቀችኝ። ውጭ ኬብሮን የመኪናውን በር በእጇ አንድ ጊዜ መታች።

ዘነበች እጇን ቀስ ብላ አወረደችው። በሩን በክርኗ ገፋችውና ወጣች።